የሽንፋን ውሃ ማን ይጻፈው?

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አጎት በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ የእህታቸው ልጅ የውሃ ሀብት ባለሙያ ናት። ጊዜው ታኅሣሥ ነው፤ ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፣ ወንዙም እየሳሳ ነው።

አጎት፦ ከዚህ በታች ባለው ዳርቻ ሰባት ሞተር ተተክሏል። ከእነሱ ታች ያሉት ሰዎች ውሃ አጠረን ብለው ሽማግሌ ልከውብናል። እኔ ይበቃል ባይ ነኝ፤ እነሱ አይበቃም ይላሉ። አንቺ የተማርሽበት ጉዳይ ነውና ፍረጂን።

ልጅ፦ ጋሼ፣ በእናንተ መሃል ገብቼ መፍረድ አይሆንልኝም። ግን ልጠይቅዎትና፣ "ይበቃል" ሲሉ ውሃው ስንት ነው ብለው ነው?

አጎት፦ ስንት ማለት? ይኸው ከጉልበት በታች ነው። አምና በዚህ ወቅት እስከዚያች ጥቁር ድንጋይ አንገት ይደርስ ነበር፤ ዘንድሮ አንድ ስንዝር ወርዷል።

ልጅ፦ የነገሩኝ ከፍታውን ነው፤ እሱንም ማወቅዎ ብዙ ይጠቅመናል። ነገር ግን ጥልቅ ሆኖ የቆመ ውሃ አለ፣ ስስ ሆኖ የሚሮጥም አለ። ሞተር የሚተዳደረው በየሰከንዱ በሚያልፈው ነው። ያን ለማወቅ ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ያስፈልገናል። ገመድና ሜትር ካለ፣ ከሞተሮቹ ሁሉ በላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ የማይሽከረከር ቦታ ያሳዩኝ። አንድ ሎሚም ይያዙ።

አጎት፦ ሎሚ ለምን?

ልጅ፦ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰጥም ንፋስ አይገፋውም። ሎሚ ከታጣ ግማሹ ድረስ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ይሆናል። ባዶ ፕላስቲክና ቅጠል ግን የውሃውን ሳይሆን የንፋሱን ፍጥነት ነው የሚነግሩን።

አጎት፦ ይኸው ተለካ። አሁን ንገሪኝ።

ልጅ፦ ስፋቱ 3 ሜትር ነው። ሦስት ቦታ ከፍለን በየክፍሉ መሃል እንጨት ስናቆም ጥልቀቱ 8፣ 17 እና 10 ሳንቲ ሜትር ሆነ። እያንዳንዱ ክፍል 1 ሜትር ስፋት ስላለው፣ ሲደመር ውሃው የሚያልፍበት አፍ 0.35 ካሬ ሜትር ነው። ሎሚውን ሦስት ጊዜ ለቀቅነው፤ 10 ሜትሩን በ38፣ በ43 እና በ39 ሰከንድ ጨረሰ። አማካዩ 40 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ በሰከንድ ሩብ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው።

አጎት፦ 0.35ን በሩብ ታባዢዋለሽ።

ልጅ፦ ከዚያ በፊት አንድ ነገር አለ። ሎሚው የሄደው በላዩ ነው። ታች ያለው ውሃ ከአሸዋውና ከድንጋዩ ጋር ስለሚፋተግ ይዘገያል። ጥልቅ በሆነ ወንዝ የላዩን ፍጥነት በ0.85 አባዝተው ይቀንሱታል፤ እንዲህ ስስና ሸካራ ሲሆን ወደ 0.8 ወይም ከዚያም በታች ይወርዳል። በ0.8 ብንወስደው ፍጥነቱ 0.2 ሜትር ይሆናል። 0.35 ሲባዛ በ0.2፣ 0.07 ሜትር ኩብ። በሰከንድ 70 ሊትር ነው።

አጎት፦ ሦስት ጀሪካን ተኩል፣ በየሰከንዱ!

ልጅ፦ አዎ፣ በ24 ሰዓት 6,048 ሜትር ኩብ። ቁጥሩን ግን እንዲህ ጥርት አድርገው አይያዙት። በሎሚ የተለካ ውሃ ከአምስት አንድ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። "ከ55 እስከ 85 ሊትር ባለው ውስጥ ነው" ብለው ይያዙት።

አጎት፦ እንግዲያ መለካቱ ምን ፈየደልን? እኔም ይበቃል ያልኩት በግምት ነው፤ አንቺም ይኸው በግምት ነው።

ልጅ፦ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ እኔም ግምት ነው የሰጠሁዎት። የእኔ ግምት ግን ከየት እንደመጣ ይታያል። ስፋቱን ተሳስተሻል የሚለኝ ሰው ገመድ ይዞ ወርዶ ያርመኛል፤ ምን ያህል ልስት እንደምችልም አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። "ይበቃል" እና "አይበቃም" ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ማን ከየት ያርማቸዋል? ብዙ ዘመድ ያለው ይረታል። አሁን ደግሞ ሞተሩን እንለካ፤ ያ ይቀላል። በርሜሉ ስንት ይይዛል?

አጎት፦ ሁለት መቶ ሊትር። ቱቦውን ስንከትበት በ20 ሰከንድ ሞላ፤ ራሴ ነኝ የቆጠርኩት።

ልጅ፦ እንግዲያው አንዱ ሞተር በሰከንድ 10 ሊትር ይወስዳል። ሰባቱም እንዲሁ ከሆኑ፣ አንድ ላይ ሲነሱ 70 ሊትር።

አጎት፦ ጠቅላላውን ውሃ ማለት ነው!... ለካ ለዚህ ነው። ሁላችንም ፀሐይ ሳይከር ብለን ጠዋት ጠዋት ነው የምናስነሳ። ታች ያሉት ረፋድ ላይ ደረቀብን ይላሉ፤ እኔ ማታ ወርጄ ሳይ ውሃው አለ። ሐሰት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

ልጅ፦ እርስዎም እነሱም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት። ያያችሁበት ሰዓት ተለያየ እንጂ።

አጎት፦ እሺ፣ ይህ የዛሬው ነው። በየቀኑ ሎሚ እየወረወርኩ ልኖር ነው?

ልጅ፦ አይኖሩም። ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ውሃው ውስጥ ይተከላል። ከዚያ ውሃው ዝቅ ሲል፣ መካከለኛ ሲሆን፣ ከፍ ሲልም እየመጣን ፍሰቱን እንለካለን፤ በሎሚም፣ ሲገኝም ውሃው በሚያሽከረክረው የፍጥነት መለኪያ። የዘንጉን ቁጥርና የተለካውን ፍሰት በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እናስቀምጥና መስመር እናሰምራለን። ከዚያ በኋላ ዘንጉን ብቻ ማንበብ ይበቃል፤ ፍሰቱን መስመሩ ይናገራል። ከባሕር ዳር በታች ዓባይም የሚለካው፣ መራዊ ላይ ግልገል ዓባይም የሚለካው በመሠረቱ በዚሁ መንገድ ነው። ችግሩ የእናንተ ወንዝ አሸዋ ነው። አንድ ጎርፍ ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይቀየራል፤ ትናንት 40 ሳንቲ ሜትር ላይ የነበረው ፍሰት ነገ 40 ላይ አይገኝም፣ መስመሩም ይዋሻል።

አጎት፦ አለት ላይ ቢተከልስ? ከመሻገሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ወንዙ አለት ለአለት ይሄዳል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያ ቦታ አልተቀየረም። ጎርፍ አሸዋውን ሁሉ ሲያግዝ እሱ እንዳለ ነው።

ልጅ፦ ይህን የሚነግረኝ ካርታ የለም። እዚያ እንተክለዋለን።

አጎት፦ በክረምትስ? ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ጀግና ነው። ሐምሌ ላይ ይህ ወንዝ ሰው የሚጠጋው አይደለም። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደጋው ዘንቦ ከሆነ ሌሊት በድንገት ይደርሳል። በሬ ከነቀንበሩ ሲወስድ አይቻለሁ።

ልጅ፦ የዚህ አገር ወንዝ ትልቁ ፈተና ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1861 አትባራ ላይ፣ ማለት የእኛ ጓንግ ሱዳን ገብቶ በሚጠራበት ስሙ፣ ከወንዙ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ከየቦታው ከቀሩት ኩሬዎች በቀር አሸዋ ብቻ ነበር። ሌሊት ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ አሸዋው ላይ የተኙት ሰዎች እየተጯጯሁ ወደ ዳር ወጡ። ሲነጋ 500 ያርድ ገደማ የሚሰፋ፣ ከ15 እስከ 20 ጫማ የሚጠልቅ ወንዝ ቆሞ አየ። እዚያ ስፍራ አንድ ጠብታ ሳይዘንብ ነው።

አጎት፦ ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው የሚመጣው።

ልጅ፦ እንግዲህ በአገራችን በብዙ ጣቢያ ዘንጉ የሚነበበው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። ለትልቅ ወንዝ ይህ ይበቃል። ሽንፋን የመሰለ ወንዝ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ሞልቶ ጎህ ሲቀድ ሊጎድል ይችላል። አንባቢው የማታውን በእውነት ይጽፋል፣ የጠዋቱን በእውነት ይጽፋል፤ ትልቁ ጎርፍ ግን በሁለቱ መሃል ሾልኮ ያልፋል። ከዚያ ያንን መዝገብ አይቶ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ አሳንሶ ይሠራዋል።

አጎት፦ ሌሊት ቁሞ የሚያነብ ሰው ከየት ይመጣል ታዲያ?

ልጅ፦ ሰው ሳይቆም የሚቻልበት ርካሽ ብልሃት አለ። ቀዳዳ ያለው የብረት ቱቦ ይተከላል፤ በውስጡ ዘንግ ይቆማል፣ ከታች የቡሽ ዱቄት ይጨመርበታል። ውሃው ሲወጣ ቡሹ ተንሳፍፎ ይወጣል፤ ሲወርድ ከዘንጉ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጠዋት ዘንጉን ሲያወጡ ውሃው ሌሊት የት እንደደረሰ ያሳያል። ቱቦ በሌለበት ደግሞ የጎርፍ ምልክት አለ፤ ግራሩ ላይ የተንጠለጠለው ገለባ፣ ዳሩ ላይ የተሰመረው ጭቃ። የወንዙን ተዳፋት፣ የወለሉን ሸካራነትና የአፉን ስፋት ለክቶ ጎርፉ ስንት እንደነበር ወደኋላ ማስላት ይቻላል። ስህተቱ ሰፊ ነው፤ ምንም ከማያውቁት ግን ይሻላል። ምልክቱ ከመጥፋቱ በፊት ሚስማር መትቶ ቀኑን መጻፍ ብቻ ነው።

አጎት፦ ሚስማሩስ ቀላል ነው። እንዲያው ግን ልጠይቅሽ፣ ይህን ሁሉ ሳተላይት አያየውም ወይ? ስልክ ከሰማይ ይሠራል፣ ወንዝ ማየት ያቅተዋል?

ልጅ፦ ያያል፣ እየተሻሻለም ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የመጠቀችው ስዎት የተባለች ሳተላይት የውሃን ከፍታ ከሰማይ ትለካለች። የተሠራችው ግን 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ለሚሰፉ ወንዞች ነው። በታኅሣሥ 3 ሜትር የሚሰፋ ሽንፋ ለእሷ የለም። የእናንተ ጠብ ያለው ደግሞ እዚያ 3 ሜትር ውስጥ ነው።

አጎት፦ ታች ያሉት፣ ሱዳኖቹ፣ ይለኩታል?

ልጅ፦ ይለኩታል። ሽንፋ ድንበር ሲሻገር ራሃድ ይባላል፤ ሀዋታ ከተማ አጠገብ ይለካል። በዓመት በአማካይ ወደ 1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይዞ ዓባይ ይገባል። ጓንግ ደግሞ አትባራ ሆኖ፣ ተከዜን ይዞ፣ ወደ 12 ቢሊዮን ገደማ ለናይል ይሰጣል። እነዚህን ቁጥሮች ዓለም በአብዛኛው ያወቃቸው ከታች ከተያዘ መዝገብ ነው።

አጎት፦ የእኛን ውሃ እኛ ሳናውቀው ሌላው አወቀው ማለት ነው?

ልጅ፦ ከድንበሩ በታች ያለውን አወቀው። እዚህ ምን እንደነበረ፣ መቼ እንደጎደለ፣ የትኛው ገባር እንደቀነሰ ከሀዋታ ማየት አይቻልም። ነገሩ ደግሞ ከሽንኩርት ያለፈ ነው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁ በሁለት ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1891፣ እንግሊዝና ጣልያን ስምምነት ተፈራረሙ። በዚያ ውስጥ ጣልያን በአትባራ ላይ ወደ ናይል የሚሄደውን ውሃ ጎልቶ የሚቀይር የመስኖም ሆነ ሌላ ሥራ ላትሠራ ቃል ገባች። ጓንግ የሚፈልቅበት አገር ሰው አልተጠየቀም።

አጎት፦ ባለቤቱ በሌለበት!

ልጅ፦ እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ግብፅና ሱዳን ናይልን ሲከፋፈሉ መነሻቸው አስዋን ላይ የተሰላ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነበር። 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ ቀሪው 10 ለሚተነው። ከላይ ላለው አገር የቀረ የለም። በደሉ የፖለቲካ ነው፤ እሱን ቁጥር አላመጣውም። ግን ጋሼ፣ ያን ክፍፍል በወረቀት ላይ ማስቀመጥ የተቻለው የሚከፋፈለው ነገር ለአሠርት ዓመታት ተለክቶ ስለነበር ነው። የጻፈው ወገን ቁጥሩን ይዞ ይቀመጣል። ያልጻፈው መብቱን ብቻ ይዞ ይቀመጣል፤ መብት ትልቅ ነገር ነው፣ ብቻውን ግን ክርክሩ ጥልቅ ሲል ይደክማል። እኛ ዘግየት ብለን ነው የጀመርን። የዓባይን ተፋሰስ አሜሪካኖች ከመንግሥታችን ጋር ሆነው ከ1958 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ሲያጠኑ ብዙ የመለኪያ ጣቢያ ተተከለ። ዋናው ዓባይና የጣና ዙሪያ ወንዞች ከሞላ ጎደል መዝገብ አላቸው። ይህ ቆላ ግን ከደጋው ጋር ሲተያይ ሁሌም ጎኑ የጎደለ ነው።

አጎት፦ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ለመሆኑ ስንት ዓመት ሲጻፍ ነው መዝገብ የሚባለው? ሁለት ዓመት? አምስት?

ልጅ፦ በዚህ ላይ አንድ ሰው ልንገርዎት። ሃሮልድ ኸርስት የሚባል እንግሊዛዊ ዕድሜውን በግብፅ ናይልን ሲለካ ኖረ። ካይሮ ላይ፣ ሮዳ ደሴት ካለው የጥንት የናይል መለኪያ የተገኘ የብዙ መቶ ዓመታት መዝገብ ነበረውና፣ ግድብ ምን ያህል ውሃ ቢያጠራቅም የክፉ ዓመታትን ጉድለት ይሸፍናል ብሎ ሲያሰላ፣ ያልጠበቀውን አገኘ። ደረቅ ዓመት ደረቅ ዓመትን፣ ጥጋብ ጥጋብን እየተከተለ ይመጣል፤ ሳንቲም እንደመወርወር አይደለም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1951 አሳተመው።

አጎት፦ ይህማ ኦሪት ነው! ሰባት የጥጋብ፣ ሰባት የረሃብ ዓመት።

ልጅ፦ ሊቃውንቱም ያን ነው ያሰቡት። ማንደልብሮትና ዋሊስ እ.ኤ.አ. በ1968 ስም ሲያወጡለት የዮሴፍ ክስተት አሉት፤ ድንገተኛውን ጥፋት ደግሞ የኖኅ። ስለዚህ በአምስት ጥጋብ ዓመት የተለካ ወንዝ ያታልላል። በዚያ ልክ ሞተር የተከለ ሰው የረሃቡ ዓመታት ሲደርሱ ይከስራል። መልሱ አንድ ነው፤ ዛሬ ተጀምሮ የማይቋረጥ።

አጎት፦ የማይቋረጥ ያልሽው ነው ከባዱ። መንግሥት ሰው ይቀጥራል፣ ደመወዝ ይዘገያል፣ ሰላም ይጠፋል፣ መንገድ ይዘጋል። ዘንጉ ቆሞ ይቀራል።

ልጅ፦ እውነትዎን ነው። ለዚህ ነው ንባቡ የሰፈሩ መሆን ያለበት። በአዊ፣ ዳንግላ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውሃ ሲለኩ ነበር። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን መዝገብ ከመደበኛ ጣቢያዎችና ከሳተላይት መረጃ ጋር አመሳክረው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ፤ ገበሬው የጻፈው ጥራቱ ከሌላው የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ዳንግላ ደጋ ነው፣ እዚህ ቆላ ነው፤ ሰው ግን ሰው ነው።

አጎት፦ ትንሿ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። ውሃ ልትቀዳ ጠዋትም ማታም ትወርዳለች።

ልጅ፦ ለእሷ ደብተር እሰጣታለሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ የዘንጉ ቁጥር፣ ስንት ሞተር እየሠራ እንደነበር፣ ውሃው የጠራ ወይም የደፈረሰ መሆኑን። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግራታለሁ። ወንዙ ሲቆም "0" ብላ ትጻፍ። ሳትወርድ የቀረች ዕለት ደግሞ ባዶ ትተወው፣ በግምት አትሙላው። ባዶ ማለት "አላየሁም" ነው፤ 0 ማለት "አየሁ፣ ውሃ አይሄድም" ነው። በመዝገብ ላይ ሁለቱ የተደበላለቁበት ወንዝ ክረምት ከበጋ ይሄድ አይሄድ ለማወቅ አይቻልም። ስንት መዝገብ በዚህ እንደተበላሸ!

አጎት፦ ውሃ አይሄድም ማለት ውሃ የለም ማለት አይደለምኮ። መጋቢት ላይ ላዩ ደርቆ አሸዋውን ክንድ ያህል ስንጭር ይወጣል። ጉድጓድ ጉድጓዱም ቦታ ይቀራል፣ ዓሣም አለበት።

ልጅ፦ ያም ይጻፋል። ስንት ክንድ ሲጫር እንደወጣ። ስለ ዓሣው ካነሱ ደግሞ፣ እዚሁ ሽንፋ ዳር ተመራማሪዎች የጥንት ሰው ሰፈር ቆፍረው አግኝተዋል፤ ዕድሜው 74,000 ዓመት ገደማ ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ታትሟል። በሱማትራ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ዘመን ነው፤ እዚህም ድርቁ የበረታበት። እነዚያ ሰዎች በበጋ ወንዙ ተቆራርጦ በቀሩት ኩሬዎች ዓሣ እየያዙ አለፉት።

አጎት፦ የወንዙን መጉደል አውቀው ማለት ነው የኖሩበት። ይሁን እንጂ አሁን ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ፤ ምን ልበላቸው?

ልጅ፦ ሰባ ሊትር ነው ይበሏቸው፤ ስህተቱንም ጨምረው፣ ከ55 እስከ 85። ከእነሱም ሁለት ሰው ገመድ ይዞ ወርዶ ይድገመው። ከዚያ ሰባቱ ሞተር በአንድ ጊዜ እንዳይነሳ ተራ ይውጣ።

አጎት፦ አራቱ ጠዋት፣ ሦስቱ ከሰዓት ብንል?

ልጅ፦ ጠዋት አራቱ 40 ሊትር ይወስዳሉ፤ ውሃው 55 ብቻ ቢሆን እንኳ 15 ይወርዳል። ዘንጉ ሲጎድል ግን ተራውም ይጠባል። ከየትኛው ቁጥር በታች ስንት ሞተር እንደሚቆም አሁኑኑ፣ ውሃው ገና ሳያልቅ ተስማምታችሁ ጻፉት። የካቲት ላይ ስብሰባ ብትጠሩ ማንም አይሰማም።

አጎት፦ ታች ያሉትም ዘንግ ይትከሉ እንጂ። የእኛን ብቻ ካነበብን የላይኛው ሰው ነገር ነው ይላሉ።

ልጅ፦ ሁለት ዘንግ፣ አንዱ ከሞተሮቹ በላይ፣ አንዱ በታች። በመሃል የጠፋው ውሃ ያን ጊዜ ይታያል።

አጎት፦ እሑድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ አለቱ እንወርዳለን። ሎሚ እኔ አመጣለሁ፤ አንቺ ሰዓትሽን ያዢ።